የክቦቹ መፍቻ

«እኔ ሌባ አላልኩሽም» አለቻት መምህርቷ፣ ሌባ እያለቻት። «ግን አሥራ ሰባት ክኒን እግር አውጥቶ አይሄድም።»

አስታማሚዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። ጠረጴዛው ለሦስት ሰው ነው ተብሎ የተገዛ ቢሆንም ሁለት ሰው እንኳ ክርኑን አሳርፎ አይበላበትም፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ግማሹን የመምህርቷ አሮጊት እናት መድኃኒት ይዞታል። መምህርቷ ብልቃጡን ሳህን ላይ ገልብጣ ክኒኖቹን በጣቷ ጫፍ ሁለት ሁለት እያደረገች ሦስት ጊዜ ቆጥራቸዋለች። ነጭ፣ ክብ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ክኒኖች ናቸው። ፋርማሲው በወር ዘጠና ይሰጣል፤ ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ከዚያ በላይ አንዲት ፍሬ ብትለምኚው መድኃኒት ሻጩ ማኅተም ያለበትን ወረቀት እያሳየ «ሕጉ ነው፣ እናት» ይልሻል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ወሩ ከገባ አሥራ ስምንት ቀን ሄዷል። ሠላሳ ስድስት መቅረት ነበረበት። ያለው አሥራ ዘጠኝ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት በቅናሽ አትሳሳትም፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነው የምታስበው።

ከሳህኑ አጠገብ ግድግዳ ላይ የከረመው የቀን መቁጠሪያ ተዘርግቷል። አስታማሚዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥራ የጀመረች ሰሞን ታዲያ መምህርቷ ራሷ «ክኒን በሰጠሻት ቁጥር የቀኑ ቤት ውስጥ አንድ መስመር አስምሪ» ብላ በክር የታሰረች እርሳስ ሰቅላላታለች። መስመሮቹ አሉ፤ በየቀኑ ሦስት ሦስት፣ እንደ አጥር ቀጥ ብለው። ችግሩ በአንዳንድ ቀኖች ከመስመሮቹ ሥር የተሳሉት ክቦች ናቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ዜሮ ዜሮ እያልሽ የሞላሽው? ምንም አልጎደለም ማለትሽ ነው? አሥራ ሰባት ጎድሎ ሳለ ዜሮ ብለሽ ትጽፊልኛለሽ?»

«ዜሮ?» አለች አስታማሚዋ፤ ቃሉ ግራ እንደገባት ያስታውቃል። «እትዬ፣ እሱ እኮ…»

«በቃ! ሰዓት ሄዶብኛል።»

አስታማሚዋ ዓይኗን ከመምህርቷ ላይ አንስታ በጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ወደተቀመጠችው የመምህርቷ ልጅ አየች። ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም፤ ተራ የምትጠብቅ ሰው አስተያየት ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ የደንብ ልብሷን ለብሳ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ቀና አላለችም። ሻይዋን ጠጣች። መምህርቷ ይህን አየች፤ አስታማሚዋ በልጅ ፊት መዋረዷ አሳፍሯት ነው ብላ ተረጎመችው። ሆዷም ትንሽ ባባ። ግን እናቷ ከጓዳ «እጄ! ኧረ እጄ የት አለሽ?» እያለች ስትጣራ ሰማች። አሮጊቷ አከርካሪዋ ከታመመና አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አስታማሚዋን በስሟ ጠርታት አታውቅም፣ እጄ ነው የምትላት። ክኒኑ ወር ሳይሞላ ሲያልቅ ይቺ ሴትዮ በምን ትተኛለች? ይሄን ስታስብ የባባው ሆዷ መልሶ ደነደነ።

«ማታ እስክመለስ አብረሻት ትቆያለሽ። ከዚያ ዕቃሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አለች። አስታማሚዋን ላመጣችላት ጎረቤት ማስረጃ ይሆናል ብላ የቀን መቁጠሪያውን በስልኳ ፎቶ አነሳችው። የሚያምር ፎቶ ወጣ፤ እያንዳንዷ ቤት ቁልጭ ብላ ትታያለች።

እናትና ልጅ በአንድ አውቶቡስ ነው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት፤ ልጅቷ እናቷ የምታስተምርበት ዘጠነኛ ክፍል ነች። ድሮ በዚህ መንገድ ወሬያቸው አያልቅም ነበር፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የእንግሊዝኛው መምህር የትኛውን ክራቫት እንዳሰረ። አሁን ልጅቷ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ትተኛለች። ጉርምስና ነው፣ ያልፋል ብላ መምህርቷ ለራሷ ነግራለች፤ ጉርምስና የማይሸከመው ጥፋት የለም። ዛሬ ልጅቷ ከእንቅልፏ ሳትነቃ ጭንቅላቷ ተንሸራቶ የእናቷ ትከሻ ላይ አረፈ። ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ከሆነች! መምህርቷ እንዳትቀሰቅሳት ብላ ቦርሳዋን በግራ እጇ አንጠልጥላ፣ ትከሻዋ እስኪደነዝዝ ሳትነቃነቅ ሄደች። ስለ ክኒኑ አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

የዕለቱ ትምህርት ግራፍ ማንበብ ነው። የጤና ቢሮ በከተማው ትምህርት ቤቶች ጥናት አድርጎ አንድ ትልቅ ወረቀት ለየትምህርት ቤቱ ልኳል። «ወጣቶችና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ መድኃኒቶች» ይላል አናቱ ላይ። ርእሰ መምህሩ «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፤ ግራፍም ይማራሉ፣ ምክርም ያገኛሉ» ብሎ ወረቀቱን ለሒሳብ ክፍል አስረከበ፤ እሱ ወፍ ማሳደድ ይወዳል፣ ድንጋዩን የሚወረውረው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። መምህርቷ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ በማጣበቂያ ለጠፈች። ሰባቱ ቀኖች ከላይ ወደታች ተጽፈዋል፤ ከየቀኑ ፊት ለፊት ክቦች ተደርድረዋል። ከአጠገቡ ተማሪዎቿ በእንቅልፍ ልባቸውም የሚያውቁትን ሕጓን በጠመኔ ጻፈች፦ መጀመሪያ ርዕስ፣ ቀጥሎ መፍቻ፣ ከዚያ ወሬ። አንድ ግራፍ ስለ ምን እንደሆነና ምልክቶቹ ምን ማለት እንደሆኑ ሳያውቅ ወሬ የጀመረን ተማሪ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ታቆመዋለች።

«እሺ፣ ረጅሙ» አለች በመጀመሪያው ክፍል፤ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱ ዴስኩን የሚያነሳ ልጅ ነው። «እሁድ ላይ ምን ታያለህ?»

«ዜሮ።»

«ምን?»

«ዜሮ ነዋ፣ መምህር። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ… ዘጠኝ ዜሮ ነው ያለው። እሁድ ማንም አይወስድም ማለት ነው፤ ሰንበት አይደል!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም ሳቀች፤ ሳቋ ከልቧ ነበር። «መፍቻውን አይተሃል?» አለችው።

«መፍቻ አለው እንዴ?»

«ከሥር ነው፣ አንተ ጅል!» አለች ፊት ለፊት የምትቀመጠዋ፣ ክፍሉ ዲስኩር የሚላት ልጅ። «አንድ ክብ፣ አሥር ተማሪ። ዜሮ አይደለም፣ ክኒኑን እኮ ነው የሳሉት። ክብ ነጭ ክኒን።»

«ቆመህ ቆይ፣ ረጅሙ። ክብ ሁሉ ዜሮ አይደለም። ክቡ…»

እዚህ ላይ ቃሉ አፏ ላይ ቁርጥ አለ። ጠመኔ የያዘው እጇ በአየር ላይ ቀረ። ተማሪዎቹ አንዱን ልትይዝ መስሏቸው ጸጥ አሉ። ክቡ ክኒኑ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ዜሮን ከየት ታውቀዋለች? «ዜሮ?» ስትል እኮ እየጠየቀች ነበር። ክኒን ስትሰጥ መስመር አስምሪ ተባለች፤ ክኒን ስትጎድልስ ምን ታድርግ? የጎደለውን ነገር ራሱን ሳለችው። ክብ አድርጋ።

«መምህር፣ ለምንድነው እሁድና ረቡዕ የበዛው?» አለች ዲስኩር፤ መልሱን ራሷ ለመስጠት ነው የጠየቀችው። «ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለማ! እሁድም የለም። ቤት ይውላሉ። ከየት አገኛችሁ ሲሏቸው ደግሞ አብዛኞቹ ‹ከቤት› ብለዋል፣ ይኸው እታች ተጽፏል።»

«ማን ማን ነው ግን የሚወስደው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ግራፍ ስንት ይላል እንጂ ማን አይልም» አለች መምህርቷ። ይህንንም ሃያ አንድ ዓመት ብላዋለች፤ ምላሷ ያለእሷ ፈቃድ ነው የተናገረው።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ባልደረቦቿ ስለ አውቶቡስ ታሪፍ መጨመር እየተንጫጩ ነው፤ አንዱ ብስኩት ዘረጋላት፣ ሳታየው በእጇ መለሰችው። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሰፋችው። በሕጓ መሠረት ሄደች። ርዕስ፦ የእናቴ ክኒን። መፍቻ፦ መስመር የተሰጠ፣ ክብ የጎደለ። በመጀመሪያው እሁድ ሁለት ክብ። በቀጣዩ ረቡዕ ሁለት። ከዚያ እሁድ አራት። ረቡዕ አራት። ትናንት፣ እሁድ፣ አምስት። ደመረችው። አሥራ ሰባት። አንዲት ሳትጨምር፣ አንዲት ሳትጎድል። ያቺ ዓይኗን በጨው ታጥባ ትዋሻለች ብላ ያሰበቻት ሴት፣ መምህርቷ ሦስት ጊዜ ቆጥራ ያገኘችውን ቁጥር በየቀኑ ቀድማ ጽፋላታለች።

እሁድ የአስታማሚዋ የእረፍት ቀን ነው። እሁድ ማለዳ ወጥታ ሰኞ ማለዳ ትመለሳለች፤ ስትመለስ መጀመሪያ የምታደርገው ብልቃጡን ቆጥሮ የእሁዱን መሙላት ነው። በሌለችበት ቀን ነው ብዙ የጎደለው። እሁድ ቤት የሚውሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ከአልጋ አትነሳም፣ አንዷ እሷ ራሷ ናት። ረቡዕ ከሰዓት መምህርቷ ስብሰባ አለባት፤ አስታማሚዋ ደግሞ ሰገነት ላይ ወጥታ የአሮጊቷን አንሶላዎች ታጥባለች። ታች ማን ይቀራል? መምህርቷ እያወቀችው ሌላ ሰው ፈለገች። ጎረቤት፣ መብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰው፣ የእናቷን እግር የሚያሸው ባለሙያ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አስገብታ አስወጣቻቸው። ከዚያ ቁጥሮቹን መልሳ አየች፦ ሁለት፣ ሁለት፣ አራት፣ አራት፣ አምስት። ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። ትከሻዋ ላይ ያረፈው ጭንቅላት ክብደት አሁንም እንዳለ ነው።

ወደ ቤት ደወለች። አስታማሚዋ አነሳችው። መምህርቷ ይቅርታ ልትል ነበር የደወለችው፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ግን አፏ እምቢ አላት። «የቀኑን ሰጠሻት?» አለች።

«ሰጥቻለሁ፣ እትዬ። መስመሩንም አስምሬያለሁ።»

«እሺ» ብላ ዘጋችው። ፈሪ ነሽ አለች ለራሷ። እውነትም ፈሪ ነበረች።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የልጇ ክፍል ነው። ርእሰ መምህሩን ላስፈቅድ ብላ ቢሮው ድረስ ሄዳ ነበር፤ «አመመሽ?» ሲላት ምን እንደምትለው ጠፍቷት ተመለሰች። ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ ለጠፈችው፤ ማጣበቂያው ደክሞ አንዱ ጥግ ይወድቃል፣ እየደጋገመች ታነሳዋለች። ርዕስ፣ መፍቻ፣ ከዚያ ወሬ። ልጇ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ተማምለው ነበር፤ ክፍል ውስጥ እማ የለም፣ መምህር ነው፤ እሷም ልጄ አትልም። መምህርቷ ያን ቀን ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው ልጅ አየቻት። ከንፈሯ ደርቋል። የሹራቧ እጅጌ እስከ ጣቷ ወርዷል። ክፍሉ በሙሉ ወደ ሰሌዳው ሲያይ እሷ ዴስኩ ላይ የተቆረጠ የሰው ስም ታነባለች። መቼ ነው እንዲህ የከሳችው? ትናንት ነው? ወር ነው? በአንድ ጠረጴዛ ሻይ ይጠጣሉ እኮ!

ልትዘላት ትችል ነበር። አልዘለለቻትም። «አንቺ፣ በመስኮቱ በኩል» አለች። «መፍቻውን አንብቢልን። አንድ ክብ ምንድነው?»

ልጅቷ ቀስ ብላ ተነሳች። ወረቀቱን አየች፣ እሁድን አየች፣ ከዚያ እናቷን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ጊዜ ሁለቱም ተዋወቁ፤ ማን ምን እንደሚያውቅ አንዳቸው ለአንዳቸው መንገር አላስፈለጋቸውም።

«አላውቅም፣ መምህር» አለች።

«ቁጭ በይ» አለች መምህርቷ፤ ዞራም የወረቀቱን ጥግ እንደገና አነሳች። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማረች አታስታውስም። ደወሉ ሲደወል ልጅቷ ከሁሉም ቀድማ ወጥታ ነበር። አውቶቡስ ላይም አላገኘቻትም።

ቤት ስትደርስ አስታማሚዋ ሳሎኑ መግቢያ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዕቃዋን በአንድ የእጅ ቦርሳና በአንድ ፌስታል ቋጥራዋለች። ሁለት ዓመት ተሠርቶ ይቺው ናት። ሽርጧን አጥባ፣ ጨምቃ፣ ወጥ ቤት በር ላይ ሰቅላዋለች። የልጅቷ ክፍል በር ተዘግቷል፤ ከሥሩ ብርሃን ይታያል፣ ቀድማ ገብታለች።

መምህርቷ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። አነጋገሯ ወቀሳ ይመስል ነበር፤ ሌላ አነጋገር አልመጣላትም።

«ነገርኩዎት እኮ፣ እትዬ» አለች አስታማሚዋ። «በየቀኑ ጻፍኩልዎት።»

መምህርቷ ግድግዳውን ተደገፈች።

«በአፌ ብናገር ቤቱ ይቃጠላል ብዬ ፈራሁ። ልጅ ናት። ይዣት ነበር፤ አንድ ረቡዕ አንሶላ ለመጨመር ስወርድ ብልቃጡን ይዛ አገኘኋት። እግሬ ላይ ወደቀች። ‹ራሴ ለእማ እነግራታለሁ፣ ሳምንት ስጪኝ› አለችኝ። ሰጠኋት። እስከዚያው ክቡን እየሳልኩ ቆየሁ። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ለሰው ልጅ እንዲህ ያለውን የሚያስተምሩ ነዎት፤ አንድ ቀን አይተው ይገባዎታል ብዬ ነው።»

«ቆዪ» አለች መምህርቷ። «እባክሽ። ተሳስቻለሁ። እናቴ ያለ አንቺ… እኔስ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?»

አስታማሚዋ ተነሳች። ቦርሳውን በአንድ እጇ፣ ፌስታሉን በሌላው ያዘች። የምትጨክን ሴት አልነበረችም፤ ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ልጅቷን አየኋት፣ አሁን ትናገራለች ብዬ። ሻይዋን ጠጣች። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ቢጎድል ማንን ነው የሚያዩት? ሌባ በተባልኩበት ቤት መልሼ ክኒን አልቆጥርም፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ ሌባ አላልኩሽም።»

«ብለውኛል» አለች አስታማሚዋ በቀስታ። ወደ ጓዳ ገብታ የአሮጊቷን ግንባር ሳመች፤ አሮጊቷ «እሁድ ነው እንዴ?» አለቻት፤ እሁድ ብቻ ነው ስትሄድ የምትሰናበታት። «አዎ፣ እማማ፣ እሁድ ነው» ብላት ወጣች። በሩ ሲዘጋ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

መምህርቷ በዚያው ቆማ ቀረች። ልጅቷን በሩን በርግዳ ገብታ በጥፊ ልትላት አማራት፤ ተንበርክካ እግሯን ልትይዝም አማራት፤ ሁለቱም እኩል ጉልበት ነበራቸውና አንዱንም አላደረገችም። በማን ላይ ትጮኻለች? ሰው አባርራለች፤ ያባረረችው እውነቱን የነገራትን ብቸኛ ሰው ነው። የወጥ ቤቱ ሰዓት አሥራ ሁለት ሲል ጓዳ ያለችው እናቷ መቃተት ጀመረች፤ ሕመሙ ሰዓት ያውቃል።

«እጄ! እጄ የት ሄደች?»

ብልቃጡን ከመደርደሪያው አወረደች። ሳትቆጥር አንዲት ክኒን አወጣች። የእናቷን አንገት ደገፍ አድርጋ በውኃ አስዋጠቻት፤ ከእሁድ በቀር አስውጣት ስለማታውቅ እጇ ስቶ ውኃው ደረቷ ላይ ፈሰሰ፣ አሮጊቷም «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» ብላ ፊቷን አዞረች። መምህርቷ ደረቷን አደረቀችላት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ በክር የተንጠለጠለችውን እርሳስ ያዘች። የሰኞ ቤት ውስጥ ሁለት መስመሮች አሉ፣ የጠዋቱና የቀኑ፣ እንደ አጥር ቀጥ ብለው። ሦስተኛውን በራሷ እጅ አሰመረችው። ጠመመ።

የክፍሉ በር ሲከፈት ሰማች። ዞራ አላየችም፤ ብታይ የምትሮጥባት መሰላት። ልጅቷ መጥታ አስታማሚዋ ጠዋት በቆመችበት ቦታ፣ በሩ ላይ፣ ከታጠበው ሽርጥ ሥር ቆመች። እጅጌዋን በጣቶቿ ጨምድዳ ይዛዋለች።

«እማ» አለች።

መምህርቷ እርሳሱን አለቀቀችም።

«ክብም አለው። የዛሬው።»

«ስንት?»

«ሁለት» አለች ልጅቷ። «ቆይ… ሦስት። ሦስት አድርጊው።»

እናትየው ጎንበስ ብላ ከመስመሮቹ ሥር ሳለቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰኞ ላይ ክብ ኖሮ አያውቅም ነበር።